የብሎን ቀዳዳዎችን አቀማመጥ በድሮዊንግ ላይ በጂኦሜትሪያዊ ቶለራንስ መወሰን፦ ደረጃ በደረጃ

ሁለት ክፍሎች በስድስት ብሎን እንዲታሰሩ ሲነደፍ ስድስቱም ብሎኖች ያለ መዶሻና ያለ ሞረድ መግባት አለባቸው። ለዚህ የማሽኑ ጥራት ብቻውን አይበቃም፤ ድሮዊንጉ ላይ የተጻፈው ቶለራንስ (ልኬቱ እንዲዛነፍ የሚፈቀድለት መጠን) ትክክል መሆን አለበት። ቁጥሩ ደግሞ ከቀድሞ ድሮዊንግ የሚገለበጥ ወይም «ጠበቅ ቢል ይሻላል» ተብሎ በግምት የሚሰጥ አይደለም። ብሎኑ ቀዳዳው ውስጥ ካለው ክፍተት ተሰልቶ የሚገኝ ነው። ሲጠብቅ ደህናው ዕቃ ይጣላል፤ ሲላላ ደግሞ ስድስተኛው ብሎን እምቢ ይላል።

አሠራሩን በአንድ ምሳሌ እንከተለው። የፓምፕ ክዳን ከፓምፑ አካል ጋር ይታሰራል። ክዳኑ 20 ሚሜ ውፍረት አለው። በ⌀100 ሚሜ ክብ ላይ (⌀ የዲያሜትር ምልክት ነው) በእኩል ርቀት 6 የኤም8፣ ማለትም 8 ሚሜ ዲያሜትር ያላቸው፣ ብሎኖች ክዳኑን አልፈው አካሉ ላይ በወጣው 16 ሚሜ ጥልቀት ባለው ጥርስ ይያዛሉ። ክዳኑ መሃሉ ላይ ⌀60 የሆነ ክብ አንገት አለው፤ አንገቱ አካሉ ላይ ወዳለው ክብ ጉድጓድ ገብቶ ክዳኑን መሃል ያስይዛል።

የፕላስና ማይነስ ልኬት ለምን አይበቃም

የአንድን ቀዳዳ ማዕከል በአግድምና በቁመት ±0.1 ብትሰጡት የተፈቀደለት ቦታ ጎኑ 0.2 ሚሜ የሆነ ካሬ ይሆናል። ማዕከሉ ወደ ካሬው ማዕዘን ከሄደ 0.141 ሚሜ መራቅ ይችላል፤ በቀጥታ ወደ ቀኝ ከሄደ ግን 0.1 ሲያልፍ ዕቃው ይጣላል። ብሎኑ ግን ክብ ነው፣ ወደየትኛው አቅጣጫ እንደተፈናቀለ አይለይም። በማዕዘኑ በኩል 0.141 ካስገባ በሁሉም በኩል ያስገባል። ያንን ካሬ የሚከበው ክብ ዲያሜትሩ 0.283 ሲሆን ስፋቱ ከካሬው በ57 በመቶ ይበልጣል። በስኮትላንድ የቶርፔዶ ፋብሪካ ይሠራ የነበረው ስታንሊ ፓርከር በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዋዜማ ያስተዋለው ይህንኑ ነበር፤ በምርመራ የወደቁ ክፍሎች ሲገጣጠሙ በደንብ ይሠሩ ነበር።

ሌላው ችግር መደራረብ ነው። በአንድ መስመር ላይ ያሉ 6 ቀዳዳዎች እርስ በርስ በተከታታይ ±0.1 ከተለኩ በመጀመሪያውና በመጨረሻው መካከል ያለው ርቀት እስከ ±0.5 ሊዛነፍ ይችላል። ክብ ላይ ላሉ ቀዳዳዎች በማዕዘን መለካትም አያድንም፤ ±0.5 ዲግሪ በ50 ሚሜ ራዲየስ ላይ ±0.44 ሚሜ፣ በ200 ሚሜ ራዲየስ ላይ ግን ±1.75 ሚሜ ነው። የተጻፈው ቁጥር አንድ ሆኖ ውጤቱ ከማዕከሉ በራቀ ቁጥር ይሰፋል።

1ኛ ደረጃ፦ ብሎኑ ነፃ ነው ወይስ የታሰረ?

ሁሉም ስሌት የሚነሳው ከዚህ ነው። ብሎኑ በሁለቱም ክፍሎች ውስጥ በሰፊ ቀዳዳ አልፎ በዳዶ የሚታሰር ከሆነ ነፃ ብሎን እንበለው፤ በሁለቱም ክፍሎች ውስጥ መንቀሳቀስ ይችላል። አንደኛው ክፍል ላይ ጥርስ ካለ ወይም ተመትቶ የገባ ስፒና (ጥርስ የሌለው ድፍን ዘንግ) ካለ ግን የታሰረ ነው፤ ቦታውን የሚወስነው ጥርሱ ነው፣ ማካካሻ የሚሆነው ክፍተት በሌላኛው ክፍል ብቻ ይቀራል።

ጭንቅላቱ ሾጣጣ ሆኖ መቀመጫው ውስጥ የሚሰምጥ ብሎን ብዙዎችን ያሳስታል። ሾጣጣው መቀመጫ ብሎኑን ራሱ መሃል ስለሚያስይዘው የቀዳዳው ስፋት አይጠቅምም፤ በዚያ ክፍል ውስጥ ታስሯል ማለት ነው። ሌላኛው ክፍል ጥርስ ከሆነ ደግሞ በሁለቱም በኩል ታሰረ፤ የቀረ ክፍተት የለም። እንዲህ ያለ ንድፍ በቶለራንስ አይድንም፤ ብሎኑን ወደ ሲሊንደር ጭንቅላት ቀይሩት።

የእኛ ምሳሌ የታሰረ ብሎን ነው።

2ኛ ደረጃ፦ የቀዳዳውን መጠን ምረጡ

ዓለም አቀፉ ስታንዳርድ አይኤስኦ 273 ለማሳለፊያ ቀዳዳዎች ሦስት ደረጃ ይሰጣል፤ ጠባብ፣ መካከለኛና ሰፊ። ለተለመዱት ብሎኖች እንዲህ ናቸው፦

ኤም6፦ 6.4፣ 6.6፣ 7
ኤም8፦ 8.4፣ 9፣ 10
ኤም10፦ 10.5፣ 11፣ 12
ኤም12፦ 13፣ 13.5፣ 14.5

ለታሰረ ብሎን ከመካከለኛው ጀምሩ። ጠባቡን መምረጥ ንጹህ ሥራ ይመስላል፤ ለኤም8 ግን ለሁለቱም ክፍሎች በጠቅላላው 0.4 ሚሜ ብቻ ይተውላችኋል፣ ለጥርስ ቀዳዳ ደግሞ ይህ በጣም ትንሽ ነው። እኛ ⌀9ን በኤች13 (የቀዳዳ መጠን የቶለራንስ ደረጃ) እንወስዳለን፤ ከ9.00 እስከ 9.22 ማለት ነው።

3ኛ ደረጃ፦ ቶለራንሱን አስሉ

ሁለት ቁጥር ያስፈልጋል፤ የሚፈቀደው ትንሹ ቀዳዳ (9.00) እና ትልቁ ብሎን (8.00)። አማካዩን አትውሰዱ፤ ስሌቱ የሚሠራው ለከፋው ሁኔታ ነው።

ለነፃ ብሎን፦ ቶለራንስ = ትንሹ ቀዳዳ − ትልቁ ብሎን። 9 − 8 = 1.0 ሚሜ፣ ለእያንዳንዱ ክፍል ሙሉውን።

ለታሰረ ብሎን፦ የሁለቱ ክፍሎች ቶለራንስ ድምር = ትንሹ ቀዳዳ − ትልቁ ብሎን። ይኸው 1.0 ሚሜ ለሁለቱ ይከፈላል።

አከፋፈሉ እኩል መሆን የለበትም። ጥልቅ የጥርስ ቀዳዳ ከማሳለፊያ ቀዳዳ ይልቅ ለመሥራት ያስቸግራል፤ ለጥርሱ 0.6፣ ለክዳኑ 0.4 መስጠት ጤናማ ውሳኔ ነው። ለምሳሌያችን ቁጥሩ ቀላል እንዲሆን 0.5 እና 0.5 እንያዝ።

4ኛ ደረጃ፦ ዳተሞችን ከአገጣጠሙ ምረጡ

ዳተም ማለት ክፍሉ ሲለካ የሚያርፍበት መነሻ ነው። ለመለካት የሚመቸውን ሳይሆን ሲገጣጠም በእውነት የሚነካውን ፊት ምረጡ። ክዳኑ አካሉ ላይ የሚያርፈው በጠፍጣፋ ፊቱ ነው፤ ስለዚህ ዳተም ኤ እሱ ነው። መሃል የሚያስይዘው ⌀60 አንገቱ ነው፤ ዳተም ቢ የአንገቱ ዘንግ ይሆናል። የክዳኑ ውጫዊ ጠርዝ ግን ሲጣል እንደወጣ የቀረ ሻካራ ፊት ነው፣ ምንም አይነካም፤ ምርመራ ክፍል ውስጥ ለመያዝ ስለሚቀል ብቻ ዳተም ሲደረግ ቀዳዳዎቹ ከጠርዙ ጋር ተስማምተው ከአንገቱ ጋር ይጣላሉ።

ሦስተኛ ዳተም ያስፈልጋል? ክዳኑ ዙሪያው አንድ ዓይነት ከሆነ መዞሩ ለውጥ የለውም፤ አያስፈልግም። የዘይት መውጫ ያለው ከሆነ ግን ቀዳዳዎቹ ከመውጫው ጋር የሚኖራቸውን ማዕዘን የሚይዝ ዳተም ሲ ጨምሩ። ሥራ የሌለው ዳተም መደርደር ምርመራውን ያወሳስባል።

የዳተም ትሪያንግሉ የሚቀመጥበት ቦታ ትርጉም ይቀይራል። ከዲያሜትሩ የልኬት መስመር ጋር በአንድ ቀጥታ መስመር ላይ ሆኖ ከተያያዘ የአንገቱን ዘንግ ያመለክታል፤ ከልኬት መስመሩ ተለይቶ ፊቱ ላይ ካረፈ ፊቱን። በማዕከል መስመር ላይ ብቻ የተንጠለጠለ ትሪያንግል የየትኛው ዲያሜትር ዘንግ እንደሆነ አይናገርም፤ እንዲህ አትሥሩ።

ዳተሞቹ ራሳቸውም ቁጥጥር ይሻሉ። ለኤ የጠፍጣፋነት ቶለራንስ፣ ለምሳሌ 0.05፤ ለቢ ከኤ ጋር የቀጥ ማዕዘንነት ቶለራንስ፣ ለምሳሌ ⌀0.02 ስጡ። የሚወላገድ መነሻ ላይ የተለካ ቀዳዳ ሁለት ጊዜ ሲለካ ሁለት ውጤት ይሰጣል።

5ኛ ደረጃ፦ ልኬቱንና የቶለራንስ ሳጥኑን ጻፉ

የቀዳዳዎቹን ትክክለኛ ቦታ የሚናገሩት ልኬቶች፣ እዚህ ላይ ⌀100 እና 60 ዲግሪ፣ በአራት ማዕዘን ሳጥን ውስጥ ይገባሉ። ሳጥኑ ልኬቱ የራሱ ቶለራንስ እንደሌለው ይናገራል፤ የድሮዊንጉ አጠቃላይ ቶለራንስም አይመለከተውም። ሳጥን ውስጥ በገባ ልኬት ላይ ± አትጨምሩ፤ ሁለት ሕግ እርስ በርሱ ይጋጫል፣ አምራቹም የፈለገውን ይመርጣል።

ከዚያ ከአንዱ ቀዳዳ በሚወጣ ቀስት ላይ፦

6× ⌀9 +0.22 / 0
[ ⌖ | ⌀0.5 (ኤም) | ኤ | ቢ ]

⌖ የአቀማመጥ ቶለራንስ ምልክት ነው። «(ኤም)» ድሮዊንጉ ላይ ክብ ውስጥ ያለ ፊደል ነው፤ ሥራውን በ6ኛው ደረጃ እናያለን። ሳጥኑ ሲነበብ፦ የእያንዳንዱ ቀዳዳ ዘንግ ዲያሜትሩ 0.5 በሆነ ሲሊንደር ውስጥ መገኘት አለበት፤ ሲሊንደሮቹ ለፊት ኤ ቀጥ ብለው፣ በአንገቱ ዘንግ ቢ ዙሪያ በትክክለኛው ቦታ ተተክለዋል፤ 0.5ቱ የሚሠራው ቀዳዳው በትንሹ መጠኑ 9.00 ላይ ሲሆን ነው።

ከ0.5 በፊት ያለው የ⌀ ምልክት ከተረሳ ክልሉ ሲሊንደር መሆኑ ይቀራል። «6×» ከተረሳ አምስቱ ቀዳዳዎች ያለ ቶለራንስ ይቀራሉ። ሁለቱም በየቀኑ የሚታዩ ስህተቶች ናቸው።

በድሮዊንጉ ርዕስ ሳጥን ውስጥ የትኛውን ስታንዳርድ እንደተከተላችሁ ሳትጽፉ አትለፉ፤ የአሜሪካውን ኤኤስኤምኢ ዋይ14.5-2018 ወይስ ዓለም አቀፉን አይኤስኦ 1101 ከነተጓዳኞቹ። ልዩነቱ በ7ኛው ደረጃ ላይ ጎልቶ ይታያል።

6ኛ ደረጃ፦ የኤም ምልክት የት ይገባል፣ የት አይገባም

ቀዳዳው ከ9.00 በሰፋ ቁጥር ብሎኑ የበለጠ ቦታ ያገኛል። የኤም ምልክት ይህን ትርፍ ቦታ ለአቀማመጡ ይሰጠዋል፤ ቀዳዳው 9.15 ሆኖ ከተለካ የተፈቀደው ቶለራንስ 0.5 + 0.15 = 0.65 ይሆናል። የመገጣጠሙ ዋስትና አይነካም፣ አምራቹ ግን ብዙ ዕቃ ከመጣል ይድናል። ለማሳለፊያ ቀዳዳ ምልክቱን አለማድረግ የሚያስቆጭ ነው።

ስፒና ተጠግቶ ለሚገባበት ቀዳዳ ግን አታድርጉት፤ ስፒናው ቀዳዳውን ሞልቶ ስለሚይዝ ትርፍ የሚባል ቦታ የለም። ለጥርስም አታድርጉት፤ ብሎኑ ሲጠብቅ በጥርሱ ጎን ራሱን መሃል ያስይዛል፣ የጥርሱ መጠን መለያየት ማካካሻ አይሆንም። ቀዳዳው ከጠርዝ ቀርቦ የሚያሳስባችሁ የቀረው ግድግዳ ውፍረት ከሆነ ደግሞ የሚያስፈልገው ተቃራኒው፣ ክብ ውስጥ ያለው የኤል ምልክት ነው።

ጥርሱ ላይ የሚረሳው የፒ ምልክት

በዚህ ሥራ ውስጥ ገንዘብና ጊዜ የሚበላው ትልቁ ስህተት እዚህ ነው፣ ስለዚህ ቁጥሩን እንየው። የአካሉ ጥርስ 16 ሚሜ ጥልቀት፣ 0.5 ቶለራንስ አለው። ያለ ተጨማሪ ምልክት ይህ ቶለራንስ የሚገዛው በብረቱ ውስጥ ያለውን 16 ሚሜ ብቻ ነው። ፑንታው ተንጋዶ ቢገባ ዘንጉ ከታች 0.25 ወደ ግራ፣ ከላይ ፊቱ ላይ 0.25 ወደ ቀኝ ሊሆን ይችላል፤ ምርመራውን ያልፋል። ብሎኑ ግን ፊቱ ላይ አይቆምም። በዚያው መንጋደድ ተጨማሪ 20 ሚሜ በክዳኑ ውስጥ ይወጣል፤ 0.5 ÷ 16 × 20 = 0.625። ክዳኑ ላይኛው ፊት ሲደርስ ከትክክለኛው ቦታ 0.25 + 0.625 = 0.875 ሚሜ ርቋል።

ክዳኑ በዚያ ቦታ ስንት ይችላል? በአንድ ጎን ያለው ክፍተት 0.5 ነው፤ የራሱ ቀዳዳ 0.25 ወደ ተቃራኒው ከተፈናቀለ የሚቀረው 0.25 ነው። ሁለቱም ክፍሎች ምርመራ አልፈው ብሎኑ አይገባም።

መድኃኒቱ ክልሉን ከብረቱ አውጥቶ ብሎኑ በሚኖርበት በክዳኑ ውፍረት ውስጥ መትከል ነው፤ ይህን የሚናገረው ክብ ውስጥ ያለው የፒ ምልክት ነው፦

6× ኤም8
[ ⌖ | ⌀0.5 (ፒ) 20 | ኤ | ቢ ]

20 የክዳኑ ትልቁ ውፍረት ነው። ራንዴላ ወይም ጋስኬት ክዳኑና አካሉ መካከል ከገባ ውፍረቱን ጨምሩበት። ብሎን ሳይሆን ስተድ (ጭንቅላት የሌለው፣ በሁለቱም ጫፍ ጥርስ ያለው ዘንግ) የሚተከል ከሆነ ደግሞ ቁጥሩ ስተዱ ከፊቱ በላይ የሚወጣበት ትልቁ ቁመት ነው። መርማሪው ጥርሱ ውስጥ የጥርስ ጌጅ (መፈተሻ) አስሮ ከፊቱ በላይ የወጣውን ክፍል ይለካል።

ይህን ምልክት መጠቀም ካልተቻለ የጥርሱ ቶለራንስ በ(1 + 2 × የክዳን ውፍረት ÷ የጥርስ ጥልቀት) ተባዝቶ በስሌቱ ውስጥ ይገባል። በምሳሌያችን 0.5 × 3.5 = 1.75፤ ትንሹ ቀዳዳ 8 + 0.5 + 1.75 = 10.25 መሆን ነበረበት ማለት ነው። አንድ ፊደልና አንድ ቁጥር አለመጻፍ ቀዳዳውን ከ9 ወደ 10.25 ያሰፋዋል።

7ኛ ደረጃ፦ በቀዳዳዎቹ መካከል ያለው ርቀት ከቦታቸው ይልቅ ጥብቅ ሲሆን

ሌላ ሁኔታ እንውሰድ። የኤሌክትሪክ ሳጥን በር ላይ ማራገቢያ በ4 የኤም4 ብሎንና ዳዶ ይታሰራል፤ ቀዳዳዎቹ ⌀4.5 ናቸው። ብሎኑ ነፃ ስለሆነ 4.5 − 4 = 0.5። አራቱ ቀዳዳዎች እርስ በርስ በ0.5 ውስጥ መያዝ አለባቸው። ማራገቢያው ግን ከበሩ ጠርዝ አንድ ሚሊ ሜትር ግድም ወዲያ ወዲህ ቢል ማንም አይጎዳም።

በኤኤስኤምኢ ባለ ሁለት ረድፍ ሳጥን ከአንድ የ⌖ ምልክት ጋር ይጻፋል፦

⌖ | ⌀1.5 (ኤም) | ኤ | ቢ | ሲ
  | ⌀0.5 (ኤም) | ኤ

ላይኛው ረድፍ አራቱን እንደ ቡድን ከበሩ ጠርዞች (ቢና ሲ) ጋር በ1.5 ውስጥ ይይዛል። ታችኛው በመካከላቸው ያለውን ርቀትና ለፊቱ ያላቸውን ቀጥ ማዕዘንነት በ0.5 ያጠብቃል፤ ቡድኑ ግን ከጠርዞቹ አንጻር ይንሳፈፋል። በታችኛው ረድፍ ቢን ብትደግሙት የሚጨመረው የመዞር ቁጥጥር ብቻ ነው፣ ርቀት አይደለም። የ⌖ ምልክቱ በየረድፉ ተለይቶ ከተጻፈ ግን ሁለት ነጠላ ሳጥኖች ይሆኑና ያው ቢ ርቀትንም ያጠብቃል። በሁለት ረድፍ መካከል ያለ አንድ መስመር ይህን ያህል ይለውጣል።

በአይኤስኦ ሌላ ወጥመድ አለ። በአይኤስኦ 5458:2018 መሠረት «4×» መጻፍ ብቻውን ቀዳዳዎቹን ቡድን አያደርጋቸውም። ዳተም ኤን ብቻ የጠራ ሳጥን እያንዳንዱ ቀዳዳ ለፊቱ ቀጥ እንዲል ይጠይቃል እንጂ እርስ በርስ ያላቸውን ርቀት አይቆጣጠርም። ቡድን የሚያደርጋቸው ከቶለራንሱ ቀጥሎ የሚጻፈው ሲዜድ (CZ፣ «የተጣመረ ክልል») ነው። ለአሜሪካ ስታንዳርድ የተሠራን ድሮዊንግ የርዕስ ሳጥኑን ብቻ ቀይሮ ወደ አይኤስኦ ማዛወር የሚያበላሸው እዚህ ነው።

8ኛ ደረጃ፦ መለካትና መፍረድ

በመለኪያ ማሽን የአንድ ቀዳዳ ማዕከል ከትክክለኛው ቦታ በአግድም 0.18፣ በቁመት 0.21 ተፈናቅሎ ተገኘ እንበል። የአቀማመጥ ስህተቱ የሁለቱ ካሬ ድምር ካሬ ሥር በ2 ተባዝቶ ነው፦ 2 × √(0.0324 + 0.0441) = 0.553። ማባዣውን 2 መርሳት የተለመደ ነው፤ ክልሉ በዲያሜትር ስለተሰጠ ስህተቱም በዲያሜትር መነገር አለበት። ቀዳዳው 9.12 ከሆነ የተፈቀደው 0.62 ነው፤ ያልፋል። የኤም ምልክት ባይኖር 0.553 ከ0.5 ስለሚበልጥ ይወድቅ ነበር።

የቀዳዳው መጠን ለዚህ ስሌት የሚወሰደው በሁለት ነጥብ በካሊፐር ከተለካው ትልቁ ቁጥር አይደለም። ቀዳዳው ውስጥ መግባት የሚችለው ትልቁ ፍጹም ሲሊንደር ነው። ሞላላ ቀዳዳ በካሊፐር ትርፍ ያለው ይመስላል።

ዳተም ቢም የኤም ምልክት ከተሰጠው አንገቱ ከትልቁ መጠኑ ባነሰው ልክ ስድስቱ ቀዳዳዎች አብረው፣ ወደ አንድ አቅጣጫ፣ መንሸራተት ይፈቀድላቸዋል። ይህን ቁጥር በየቀዳዳው ቶለራንስ ላይ መደመር ስህተት ነው፤ አንዱ ወደ ቀኝ ሌላው ወደ ግራ የሚሄዱበት መንገድ የለም።

ብዙ ክዳን በተከታታይ ለሚመረት ሥራ ጌጅ ይሠራ። ትንሹ ቀዳዳ 9.00 ሲቀነስ ቶለራንስ 0.5፣ የጌጁ ስፒናዎች ⌀8.5 ይሆናሉ፤ ስድስቱ በትክክለኛው ቦታ ተተክለው መሃላቸው ለአንገቱ ጉድጓድ ይኖራቸዋል። ክዳኑ ፊቱ እስኪነካ ከገባ አቀማመጡ አልፏል፣ ትርፉም ራሱ ተቆጥሯል። የቀዳዳው መጠን ግን ለብቻው በሚገባው 9.00 እና በማይገባው 9.22 መሰኪያ መፈተሽ አለበት።

የወደቀ ክዳን ሁልጊዜ ወደ ቁርጥራጭ አይሄድም። ቀዳዳው 9.05፣ ስህተቱ 0.60 ከሆነ የተፈቀደው 0.55 ስለሆነ ይወድቃል። ያንኑ ቀዳዳ ዘንጉን ሳያዛውሩ በሪመር ወደ 9.15 ማስፋት የተፈቀደውን ወደ 0.65 ያደርሰዋል፤ መጠኑም ከ9.22 በታች ነው። ክዳኑን ፍሬዛ ላይ ስታስሩ ሪመሩን በቀዳዳው የአሁን ማዕከል ላይ አስተካክሉ እንጂ ድሮዊንጉ በሚለው ቦታ ላይ አይደለም፤ አለበለዚያ ሪመሩ በአንድ ጎን ብቻ ቆርጦ ቀዳዳውን ሞላላ ያደርገዋል፣ የተጠበቀው ትርፍም አይገኝም።